እዚህ ጋ

«እዚህ ጋ» የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አላየሁም፤ እኛ ሰፈር ግን ሰው በታመመ ቁጥር የሚያመው እሱ ነው። ከአንገት በታች ይጀምራል፣ ከጉልበት በላይ ያልቃል። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባል በሽተኛው «እዚህ ጋ» ይልና መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። መዳፉ ግን እዚያ አይረጋም፤ በጎን ዞሮ፣ ወገብ ላይ ጥቂት አርፎ፣ ታፋውን ይዞ ይወርዳል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ያሉ አባቶች ይህ እጅ ሲጓዝ አይተው መሆን አለበት።

ሐኪሙ ብዕሩን እንደያዘ ይጠብቃል። «በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ» ይላል በትሕትና። በሽተኛው እሺ ብሎ አንድ ጣቱን ያወጣል። ከዚያም ያንኑ መንገድ በጣቱ ይደግመዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የባሰው ሐኪም ቤት ከመድረሳችን በፊት የሚገጥመን ነው። አንድ ሰው ከወንበር ሲነሣ ወገቡን ያዝ አድርጎ «እህህ» ካለ፣ በዙሪያው ካሉት አንዱ «ኩላሊት ነው» ማለቱ አይቀርም። «ውኃ አትጠጣም ማለት ነዋ!» ይጨመርበታል። ሌላው ደግሞ የሩቅ ዘመዱን ጠቅሶ ምስክር ይሆናል፤ የዘመዱ ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀምረው በወገብ፣ የሚያበቃው በሠልስት ነው።

ኩላሊት ግን ያን ያህል ዝቅ ብሎ አይደለም የሚኖረው። ከሆድ ዕቃ ጀርባ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ተቀምጦ፣ ላይኛው ክፍሉ በመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ተከልሏል። የቀኙ ከግራው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ጉበት ከላይ ሆኖ ቦታ ይይዝበታልና። እኛ ግን ቀበቶ ከምንታጠቅበት ላይ እጃችንን ጭነን እሱን እንከሳለን፤ ያልበላውን ዕዳ እናስከፍለዋለን። እዚያ ያሉት ጡንቻና ጅማት፣ አምስቱ የወገብ አከርካሪ አጥንቶችና በመካከላቸው ያሉት ዲስኮች ናቸው። ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ቆመው እያሉ ጎረቤት ይታሰራል።

የአካል ክፍል ስም የማናውቅ ሰዎች ብንሆን ባልገረመኝ። እናውቃለን። ያላመነ ቅዳሜ ከቀትር በፊት አንድ ሥጋ ቤት ገብቶ ይቁም።

ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ ቢላዋውን ይስላል። ደንበኛው ጣቱን ወደ ተሰቀለው ሥጋ ቀስሮ ያዛል፦ «ከዳቢቱ ግማሽ። ከሻኛው ትንሽ ጣል አድርግበት። ለጥብሱ ከሽንጡ ይሁን። ጎድኑን ከነአጥንቱ፤ ፍሪምባው ለቅቅል ነው። ያ ታፋ ግን እንዳይመጣብኝ፣ ጅማት በዝቶበታል።» ቢላዋው ከተነገረው መስመር አንድ ጣት ካለፈ ይጮኻል። «ይኼን ሽንጥ ነው ትለኛለህ? ወደ ታፋው ገብተህ እኮ ነው የቆረጥከው!» ቆራጩም አይከራከርም፤ ባለሙያ ፊት መቆሙን ያውቃል።

ይኸው ሰው ሰኞ ጠዋት ሐኪም ፊት ቀርቦ «እዚህ ጋ» ይላል።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ፣ መላላጫው የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። ሙያ ያላት ሴት መገጣጠሚያ መገጣጠሚያውን እየፈለገች ትበልታለች፤ ቢላዋዋ አጥንት ከሰበረ ሙያዋ ይታማል። 11 ላይ ያቆመች ወይም 13 ያደረሰች ሙሽራ ደግሞ ስሟ በሰፈሩ ሲነሣ ይኖራል። የራሷን 206 አጥንቶች ግን የጠየቃት የለም። ከነዚያ ውስጥ 106ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላዩ፣ እጅና እግር ላይ ነው ያሉት፤ ከእጅ አንጓ ጀምሮ እስከ ጣት ጫፍ ለአንድ እጅ 27፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ለአንድ እግር 26። ዶሮዋን 12 ቦታ የሚያወጡት ጣቶች ራሳቸው ከዶሮዋ ይልቅ ብዙ ብልት አላቸው።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ከጥንት ሐኪሞች ሁሉ ስሙ የገነነው ጋለን፣ በሮማውያን ዘመን የሰው ሬሳ መክፈት ነውር ስለነበረ፣ ዝንጀሮ፣ ዐሣማና በሬ እየበለተ ነው ስለ ሰው ገላ የጻፈው። ከ1,300 ዓመት በላይ የአውሮፓ ሐኪሞች ሰውን ያጠኑት በእንስሳ መጽሐፍ ነበር ማለት ይቻላል። በመጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1543 ቬሳሊየስ የተባለ የ28 ዓመት መምህር በገዛ እጁ የሰው ሬሳ ከፍቶ ያየውን በሥዕል አስደግፎ አሳተመ። ጋለን የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር፤ ቬሳሊየስ ያገኘው አንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ፓሪስ ያስተማረው የቀድሞ መምህሩ ሲልቪየስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጋለን አልተሳሳተም፤ ከሱ ዘመን ወዲህ የተለወጠው የሰው ገላ ነው አለ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ እኛም ዕድር ውስጥ አለን። መዝገቡና ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ካልተስማሙ ጥፋቱ የገንዘቡ ነው።

የእኛ ችግር ግን ከጋለን ይለያል። እኛ የውስጥ ዕቃችንን ለሌላ ሥራ አከራይተነዋል። ሆድ ምስጢር ይቀመጥበታል፤ ቅያሜም የሚያድረው እዚያው ነው። አንጀት ለአዘኔታ ነው፤ ይበላል፣ ይርሳል፣ ይንሰፈሰፋል። ቆሽት ንዴት ይዞ ሲያር ይውላል። ሐሞት የወኔ ማከማቻ ነው። እንዲህ ተከራይ በሞላበት ቤት ሐኪም ገብቶ፣ ቆሽት ማለት ምግብ የሚያልም ፈሳሽና የደም ስኳር የሚቆጣጠር ኢንሱሊን የሚሠራ ዕቃ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ከባለቤቷ ጋር ተጣልታ ቆሽቷ ያረረ ሴት የኢንሱሊን ወሬ ምን ያደርግላታል?

ጠጠር ስላስቸገረው የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ አንድ ወዳጅ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከተራ አስከባሪ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ አገኘሁት። እንዲያውም ብሶበታል። ነገሩ አይገርምም፤ ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፤ ቢወጣም ጉበት ሥራውን አያቆምም። ይህን ለሚስቱ ሳስረዳት ከልቧ አልተቀበለችኝም። «ደኅና አድርገው ፈልገው መሆኑን እንጃ» ነበር ያለችው።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ግን ለ«እዚህ ጋ» ሰዎች ጠበቃ ሆኜ መቆም እፈልጋለሁ። ምክንያቴ አክስቴ ናት።

አክስቴ ወገቧን ይዛ ስትሰነብት ጎረቤት ተሰብስቦ ኩላሊት ነው ብሎ ፈረደ። ሜሪላንድ ያለችው ልጇ ደግሞ በስልክ «ኤም አር አይ ካልተነሣች» ብላ አስጨነቀችን። እኔ አስታማሚ ሆኜ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የልጅ ልጇ ቢባል ማንም ያምናል።

«እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«እዚህ ጋ፣ ልጄ።» እጇ የታወቀውን ጉዞ ጀመረ።

«አንድ ቦታ ላይ ያሳዩኝ እስቲ።»

«አንድ ቦታ ቢቀመጥልኝማ መች እዚህ እመጣ ነበር?»

ሐኪሙ ፈገግ አለና ጥያቄውን ለወጠ። «እሺ፣ ሲያምዎት ምን ያደርግዎታል?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተመቻችታ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ወገቤን ሰቅዞ ይይዘኛል። ከዚያ ይነዝረኛል፤ ኤሌክትሪክ በለው። በታፋዬ ጀርባ ይወርድና ባቴን በጎን በጎኑ ይለበልበዋል። እስከ አውራ ጣቴ ይዘልቃል፤ ጣቴማ ደንዝዞልሃል። ሳጎነብስ ይብስብኛል። ሳስል፣ ሳስነጥስ ይወጋኛል። ስንጋለል ይተወኛል። ግራዬን ነው፤ ቀኜ ደኅና ነው።»

ሐኪሙ ቀና ሳይል ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኛትና ጉልበቷን ሳያጥፍ ግራ እግሯን ከተረከዟ ይዞ ቀስ እያለ አነሣው። እኩሌታው ላይ ሳይደርስ «ኧረ በማርያም!» አለች።

«ኩላሊት አይደለም» አለን። «አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ ሥር ላይ ተጭኖ ይመስለኛል።»

ከዚያ አብራራልን። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከወገብና ከዳሌ አካባቢ በሚወጡ ሥሮች ይገመድና በመቀመጫ አልፎ፣ በታፋ ጀርባ ወርዶ፣ ከጉልበት አካባቢ ጀምሮ ተከፋፍሎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። የሚቆነጠጠው ወገብ ላይ ነው፤ የሚጮኸው ግን እግር ነው።

እኔ ዝም ብዬ የአክስቴን እጅ አየሁ። ያ እጅ ከወገብ እስከ ጣት ሲጓዝ ቦታ ጠፍቶት አልነበረም። የነርቩን መንገድ ነበር የሚያሳየው።

ገላችን ራሱ ስለ አድራሻ ታማኝ አይደለም። ልብ ደም ሲያጥረው ግራ ክንድና መንጋጋ ላይ ሊታመም ይችላል። የሐሞት ጠጠር ቀኝ ትከሻን ይዞ ያስለቅሳል። ከኩላሊት የወረደ ጠጠር ከጎን ተነሥቶ እስከ ብሽሽት ይጓዛል። ስለዚህ እጁ ካንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚሄድ በሽተኛ ሁሉ ግራ የተጋባ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ አክስቴ ግን አልደበቀችም። በስም ሳይሆን በግሥ ነው የተናገረችው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ ጆሮዬ የሚሮጠው ወደ ግሡ ነው። የሚቆርጥ አለ፤ አንጀት ሲኮማተርና ሲለቅ። የሚቆረጥም አለ፤ መገጣጠሚያ ላይ። የሚወጋ አለ፤ ጎን ላይ፣ ትንፋሽ ሲሳብ። የሚፈልጥ ራስ ላይ ነው፤ የሚጠዘጥዝ ጥርስና ቁስል ላይ። የሚነዝርና የሚለበልብ ከሆነ ነርቭ ይጠረጠራል። አገራችን የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ጎበዝ የሚባለው ሐኪም ግን እነዚህን ግሦች ከእናቱ የሰማና ያልረሳ ነው።

ስለ እንቅስቃሴም ነገሩ ያው ነው። የአናቶሚ መጽሐፍ ሰውን መጀመሪያ ያቆመዋል፦ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት መልሶ። በር ላይ ፍተሻ ከሚጠብቅ ሰው በቀር በገዛ ፈቃዱ እንዲህ ሲቆም ያየሁት የለም። ግራና ቀኝም የሚባለው ከቋሚው ወገን ነው እንጂ ከሚያየው ወገን አይደለም፤ ሥዕሉ ላይ በስተቀኝህ የምታየው ክንድ ግራው ነው። ከዚህ አቋም ተነሥቶ መታጠፍ፣ መዘርጋት፣ ከአካል መራቅ፣ ወደ አካል መቅረብ፣ መሽከርከር እያለ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በየስሙ ያንቀሳቅሳል። ንጹሕ ሥራ ነው።

ግን እኛስ ምን አነሰን? አጎነበሰ ከወገብ ነው፣ አቀረቀረ ከአንገት ነው፤ የሚያምታታቸው የለም። አንጋጠጠ የአቀረቀረ ተቃራኒ ነው። ሸብረክ ያለ ጉልበቱን ብቻ፣ እሱንም በጥቂቱ አጥፏል። ቁጢጥ ያለ ዳሌውን፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን በአንድ ጊዜ አጥፎ ጨርሷል። የተንጋለለ በጀርባው ነው፤ የተጋደመ በጎኑ፤ የተደፋ በሆዱ። ብርድ የመታው ይኮራመታል፤ እንቅልፍ የጠገበ ይንጠራራል። አንድ ቃል ተናግረህ ስንት መገጣጠሚያ አዝዘሃል።

ልዩነቱ የእኛ ግሥ ዝም ብሎ አለመታጠፉ ነው፤ ምግባር ይዞ ነው የሚታጠፈው። ያቀረቀረ ልጅ ወይ ጨዋ ነው ወይ ዕቃ ሰብሯል። አንጋጦ የሚሄድ ትዕቢተኛ ነው። መጽሐፉ «አንደኛው ጭን ወደ መካከለኛው መስመር ቀርቦ በሌላኛው ላይ ዐረፈ» ብሎ ያልፈዋል። አያቴ ግን ይህንኑ እንቅስቃሴ ታላላቆች በተቀመጡበት ስታይ «ይኼን ልጅ ማን ነው ያሳደገው?» ትላለች። ሁለቱም ያዩት እግር ማነባበር ነው። አንዳቸው ዳሌውን አዩ፤ አንዳቸው ቤተሰቡን።

የዓመቱ ትልቁ ፈተና ደግሞ ስቅለት ነው። ቆሞ፣ ተንበርክኮ፣ ግንባርን መሬት አስነክቶ፣ ተመልሶ መቆም፤ እንደገና፣ እንደገና፣ እስከ ማታ። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ ትከሻ፣ አንገት፣ ያልተጠራ መገጣጠሚያ የለም። ገበሬው አባት ይህን እየጸለየ ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ ከመኪና ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር ሲዛወር የከረመው ከተሜ ግን ጭኑ ውስጥ ሠራተኛ መኖሩን የሚያውቀው ያን ቀን ነው።

ተንኮሉ ሕመሙ በዕለቱ አለመምጣቱ ነው። ወደ መሬት በምንወርድበት ጊዜ የጭን ፊት ጡንቻዎች ክብደታችንን ተሸክመው እየተለጠጡ ነው የሚሠሩት፤ ያልለመደ ጡንቻ ያኔ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይደርስበታል። ጉዳቱ እየተጠገነ ሳለ ሕመሙ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚያይለው። ስሌቱን ሥሩት፤ ፋሲካ ላይ ያርፋል። ጦም ተፈቷል፣ ዶሮው ወጥቷል፣ ቤተ ዘመድ ሞልቷል፤ አባወራው ግን ዝቅተኛዋ መቀመጫ ላይ ለመውረድ ድጋፍ ይፈልጋል። ከወረደ በኋላ ደግሞ ለእጅ መታጠብም አይነሣም። ማስታጠቢያው ወደሱ ይምጣ።

አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይላል ተረቱ። አናቶሚውም ይስማማል። የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው፤ የቀጭኔም ሰባት ናቸው፣ የሷ ረዘም ይላሉ እንጂ። ራሳችንን ከፍ ዝቅ አድርገን «አዎ» ስንል የሚንቀሳቀሰው በዋናነት የራስ ቅል ከመጀመሪያው አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ግራና ቀኝ ወዝውዘን «አይ» ስንል ደግሞ የእንቅስቃሴው ግማሽ ያህል የሚመጣው በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጥንት መካከል ነው። እሺታና እንቢታ እንዲህ ግድግዳ ለግድግዳ ይኖራሉ።

እኛ ግን ለ«አዎ» አንገታችንን እንኳ አናደክምም። ቅንድብ ከፍ ይላል፣ «እ» ተብሎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አለቀ። አክስቴ ልጇን ልታርስ ሜሪላንድ ሄዳ ሳለች ለምርመራ ወሰዷት። ነርሷ በአስተርጓሚ ትጠይቃለች፤ አክስቴ ትመልሳለች። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? «እ!» ጠዋት ወስደዋል? «እ!» እንቅልፍ ይተኛሉ? «እ!» ነርሷ ጥያቄውን አቋርጣ ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካችባት። ልጇ ከውጭ ገብታ «ኧረ አዎ ማለቷ ነው» ብላ እስክታስረዳ ድረስ፣ አክስቴ መልካም ፈቃዷን በገለጸች ቁጥር ትንፋሽ እንዳጠራት ሲመዘገብ ነበር።

ትከሻም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ክንዳችንን ከደረታችን ጋር በአጥንት የሚያያይዘው ከደረት አጥንት ተነሥቶ እስከ ትከሻ አናት የሚዘረጋው ያ ቀጭን አጥንት ብቻ ነው። ጀርባ ላይ ያለው ዝርጉ የትከሻ አጥንት ከጎድን አጥንት ጋር መገጣጠሚያ የለውም፤ ጡንቻ ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ትከሻ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ በየአቅጣጫው የሚንቀሳቀሰው ከዚህ ልቅነቱ የተነሣ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጎጃም፣ ጎንደርና ወሎ ይህን ሳይማሩ ደረሱበት። ጉራጌ እግሩን፣ ወላይታ ወገቡን ሲመርጡ እነዚህ ትከሻ ላይ ሠፈሩ። ሠርግ ላይ ደኅና እስክስታ መቺ ሲነሣ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ወገቡ ጸጥ ብሏል፣ ራሱ ረግቷል፣ ያ ዝርግ አጥንት ግን ከቆዳው ሥር ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ይመላለሳል። አጨብጫቢዎቹ «እሰይ!» ይላሉ። ወለም ያለው ቀን የሚጠራው ወጌሻ ነው። እግር ኳስ ሜዳ ውስጥ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውንም በዚያው ስም ነው የምንጠራው። ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ አይካድም፤ ግን የተሰበረ አጥንት ላይ ጥብቅ አድርጎ ሲያስር ደም መሄጃ ካጣ፣ በስብራት የመጣ ሰው ክንዱን አጥቶ ሊሄድ ይችላል። ጣቱ የጠቆረና የቀዘቀዘ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ወጣቱ ሐኪም የሕመም ማስታገሻ ጻፈላት፤ ተኝተው አይዋሉ፣ ቀስ እያሉ ይራመዱ፣ አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል አላት። ሽንት መያዝ ካቃተዎት ወይም እግርዎ ከዛለ ግን በዚያው ቀን ይምጡ ብሎ አስጠነቀቃት።

«መርፌስ አትወጋኝም?»

«አያስፈልግዎትም፣ እማማ።»

ቅር አላት። መርፌ ያልተወጉበት ሕክምና ለሷ ሕክምና አይደለም። ሐኪሙም አየና ወረቀት ስቦ አከርካሪዋን ከአንገት እስከ ጭራ አጥንት ሣለላት፤ ቁጥሩን በየአጥንቱ ጎን ጻፈበትና የታመመውን ቦታ በቀይ አከበበው። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

ቤት ስንደርስ ጎረቤት ቡና አስቀርቦ ይጠብቀናል። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል፤ ከ206ቱ አንዱም ምላስ ውስጥ አለመኖሩ እርግጥ ነው። ገና ሳንቀመጥ አንደኛዋ «ኩላሊት ነው አላልኩም?» አለች።

አክስቴ መልስ አልሰጠችም። ነጠላዋን ፈታች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ሁሉም አጎነበሰ። «ኩላሊትማ እላይ ነው» አለች፣ እጇን ከኋላዋ ወደ ጎድን አጥንቷ አውጥታ። «የኔ አራተኛውና አምስተኛው መካከል ነው።» በአንድ ጣቷ ነበር ያሳየችው፤ ጣቷም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ቡና የምትቀዳውን ልጅ ስትነሣ አየቻትና «የአንቺ ሦስተኛው ነው፤ አነሣስሽ ነግሮኛል» አለቻት። የዕድሩን ጸሐፊ ባለቤት ሁለተኛው ደረሳት። ዱካው ላይ የተቀመጡት እናት «እኔ እንኳ ምንም አያመኝም» ቢሉም አንደኛውን ሰጠቻቸው፤ ለወደፊት። ቶናው ሳይፈላ የወገቡ አጥንት በሙሉ ተከፋፍሎ አለቀ።

በረካው ላይ አንዲት ዘግይታ የመጣች ጎረቤት ወሬውን ሰምታ «ለኔስ?» ብላ ወገቧን ያዘች።

አክስቴ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ በጥንቃቄ አየችው። «የወገቡ አልቋል» አለች። «አንቺ ከአንገት ምረጪ፤ እዚያ ሰባት አለ።»